መጀመሪያ አባን፣ ቀጥሎ ሸሪክ፣ ከዚያ ብር

ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ደወሌ ላይ ሲቆም ቆጠራው ይጀምራል። ፀሐዩ ሸራው ላይ ይወርዳል፤ የታችኛው ሳጥን የላይኛውን ተሸክሞ ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ከወረቀቶቹ አንዱ ማኅተም ይጎድለዋል፤ ጅቡቲ ያለው ተቀባይ ስልኩን አያነሳም። በዚያች ሰዓት ኪስ ውስጥ ያለ ብር ብዙም አይረዳም። የሚያድነው ሰው ነው፦ የጎደለው ማኅተም የቱ ጋ እንደሚገኝ የሚያውቅ፣ ሌላ ተቀባይ በስም የሚጠራ፣ "ልጁን አውቀዋለሁ፣ ይከፍልሃል" ብሎ የሚያስታርቅ።

ይህ መመሪያ ያን ሰው እንዴት እንደሚያገኙ፣ ከእሱ እንዴት እንደሚማሩና ከማን ጋር በምን ውል እንደሚሸረኩ ያሳያል። ምሳሌው ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ አትክልት ነው፤ ጂግጂጋ ሱቅ ለሚከፍትም፣ ሽንሌ ፍየል ለሚነግድም አካሄዱ አንድ ነው።

ደወሌ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ያለች የድንበር ከተማ ናት። ከ1897 እስከ 1917 እ.ኤ.አ. የተሠራው አሮጌው የምድር ባቡር በዚህ አልፎ ነው ድሬዳዋና አዲስ አበባ የደረሰው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የክፍያ መንገድም ድንበሩን የሚነኩት እዚሁ ነው። ከሐዲዱ በፊት ደግሞ ግመል ነበር። በግመል ዘመን ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚያቀና እንግዳ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ አባን ይፈልግ ነበር። አባን ገበያ ያገናኛል፣ በመንገድ ይጠብቃል፣ ቋንቋ ይተረጉማል፣ ለድካሙም ይከፈለዋል። ከሁሉ በላይ ግን እንግዳው ቢዘረፍ የተደፈረው የአባኑ ክብር ስለሆነ ነገሩን ዝም ብሎ አያልፈውም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1854 እ.ኤ.አ. ከዘይላ ተነስቶ በ1855 መጀመሪያ ሐረር ሲገባ ያለ አባን አልተጓዘም፤ ስለ ሥርዓቱም በመጽሐፉ ጽፏል።

ዛሬ ግመሉ በመኪና ተተክቷል፣ የአባን ሥራ ግን አልቀረም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ "መካሪ" ወይም "አባን" ስል ምክር የሚለግስ ሰው ማለቴ አይደለም፤ ስሙን የሚያስይዝልዎን ሰው ማለቴ ነው። "ሸሪክ" ስልም ኪሳራዎን አብሮ የሚከፍለውን ነው። ሁለቱን ካገኙ ብሩ ይከተላል።

1. የማያውቁትን በወረቀት ይጻፉ

መካሪ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ወረቀት ለአምስት ይክፈሉ፦ ዕቃ፣ መንገድ፣ ወረቀት፣ ገበያ፣ ገንዘብ። በየሥሩ የሚያውቁትንና የማያውቁትን ይጻፉ።

ዕቃ፦ ለሩቅ መንገድ የሚሆን ቲማቲም ምን ያህል የቀላ ነው? ሽንኩርቱ ደርቋል ወይስ አንገቱ ገና እርጥብ ነው? መንገድ፦ ከድሬዳዋ በስንት ሰዓት ቢነሱ የቆላውን ሙቀት ያመልጣሉ? ወረቀት፦ ለወጪ ንግድ የባንክ ፈቃድ፣ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት፣ ዲክላራሲዮን ማን ያወጣል፣ በምን ቅደም ተከተል? ገበያ፦ ጅቡቲ ውስጥ ዓርብ ስንት ይሸጣል፣ በረመዳንስ? ገንዘብ፦ ክፍያው እንዴትና መቼ ይመለሳል?

አብዛኛው ጀማሪ "ካፒታል የለኝም" ይላል። ወረቀቱን ሲሞላ ግን ባዶ የሚሆኑት ሌሎቹ አራቱ ናቸው። "ንግድ አስተምረኝ" ብሎ ከመለመን "ዕቃ አውቃለሁ፣ ድንበር ላይ ያለውን ወረቀት አላውቅም" ብሎ መቅረብ ይሻላል፤ የፈለጉትን የሚያውቅ ሰው ይከበራል።

2. አባንዎን በኪሳራው ይምረጡ

ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ትርፉ የሚያወራውን ሳይሆን ዕቃ ሲወርድ ቆሞ ሳጥን የሚቆጥረውን ይመልከቱ። ሲያገኙት አራት ነገር ያጣሩ።

አንደኛ፣ "በጣም የከሰሩት መቼ ነው?" ብለው ይጠይቁት። ቀኑን፣ ዕቃውንና ምክንያቱን ቆጥሮ የሚነግርዎት ሰው ከኪሳራው ተምሯል። ሁሉን በሰው የሚያላክክ ግን ነገ በእርስዎም ያላክካል።

ሁለተኛ፣ ከእጁ የወጡ ሰዎችን ይፈልጉ። ድሮ ረዳቱ የነበረ፣ ዛሬ ራሱን የቻለ ነጋዴ አለ? ሃያ ዓመት ሠርቶ አንድም ሰው ያላወጣ ጎበዝ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ አባን ግን አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሚያበድሩትን ይጠይቁ። ጫኝና አውራጅ፣ ሹፌርና በረንዳ አከራይ ከማንም በላይ ያውቁታል። በሰዓቱ የሚከፍል ሰው ስም ገበያው ውስጥ ራሱን ችሎ ይዞራል።

አራተኛ፣ "አይሆንም" ማለት ይችል እንደሆነ ይሞክሩት። የማይሆን ሐሳብ ሆን ብለው ያቅርቡለት፤ እሺ ካለ ይተዉት።

የድንበር ከተማ ስለሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። ከመጀመሪያው ሥራ ጀምሮ "ይህችን ዕቃ በሌሊት አሳልፍልኝ" የሚል መካሪ አባን ሊሆን አይችልም። የኮንትሮባንድ ዕቃ ሲያዝ ንብረቱ የሚወረስበትና የሚከሰሰው ተሸካሚው ነው፤ ላኪው ስልኩን ይዘጋል። የአባን ሥራ በእንግዳው ላይ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ መሸከም ነበር፤ እንዲህ ያለው መካሪ ግን አደጋውን ወደ እንግዳው ያሻግራል። የጠረፍ ንግድ የራሱ ፈቃድና ገደብ አለው፤ የተፈቀደው የዕቃ ዓይነትና መጠን በየጊዜው ስለሚለወጥ ከንግድ ቢሮና ከጉምሩክ በራስዎ ይጠይቁ።

3. ሦስት ጊዜ ባዶ እጅዎን ይጓዙ

የከባድ መኪና ረዳት መሪ የሚይዘው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሸራ ያስራል፣ ጎማ ይደበድባል፣ ሌሊት ዕቃ ይጠብቃል፣ የሹፌሩን ሻይ ያመጣል። ይህን ሲያደርግ መንገዱን በእግሩ፣ በእጁና በጆሮው ይማረዋል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ የራስዎን ብር ሳይጨምሩ ከአባንዎ ጭነት ጋር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደርሰው ይመለሱ። ሽንሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን አልፎ ደወሌ እስኪደረስ ድረስ ዋናው ሥራዎ ማየት ይሁን።

ግን በነፃ አይመልከቱ። ሳጥን ይቁጠሩ፣ ወረቀት ያመላልሱ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ከቻሉ ያስተርጉሙ። ሥራ የበዛበት ሰው ጊዜውን የሚሰጠው ሥራውን ለሚያቀልለት ነው።

ትንሽ ደብተር ይያዙ። በእያንዳንዱ ጉዞ የሚከተለውን ይመዝግቡ፦ የተነሱበትና የደረሱበት ሰዓት፤ የመኪና ኪራይ፣ የመንገድ ክፍያ፣ የጫኝና አውራጅ ዋጋ፤ እያንዳንዱ ወረቀት የወሰደው ጊዜ፤ የተጫነ ሳጥንና ጤነኛ ሆኖ የወረደ ሳጥን። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በተለይ አይርሱ። ሁለት መቶ ሳጥን ተጭኖ መቶ ሰባ ከወረደ የዕቃው ዋጋ የሚሰላው በመቶ ሰባው ነው። ብዙ ጀማሪ ድሬዳዋ ላይ አትርፎ ጅቡቲ ላይ የሚከስረው ይህን ስለማይጽፍ ነው።

ከሦስተኛው ጉዞ በኋላ ደብተሩን ለአባንዎ ያሳዩት። እርማቱን ቆጥሮ ከሰጠዎት ትምህርቱ ተጀምሯል።

4. የተዋሱትን ስም ከብር በላይ ይጠብቁ

አንድ ቀን አባንዎ ለአንድ የድሬዳዋ አከፋፋይ "ለልጁ ሃምሳ ሳጥን በዱቤ ስጠው" ይላል። በዚያች ቃል ያበደረዎት ስሙን ነው። ለስም ብድር ሦስት ደንብ ይበቃል።

ሃምሳ ከተባለ ሃምሳ ይውሰዱ። አከፋፋዩ "መቶ ልስጥህ" ቢል እንኳ አባንዎን ሳይጠይቁ እሺ አይበሉ፤ እሱ የቆመልዎ ለሃምሳው ነው።

መጥፎ ወሬ በዕለቱ ይንገሩ። ዕቃው ከተበላሸ ማታውኑ ይደውሉ። ጠዋት ሌላ ሰው ቀድሞ ከነገረው ስለ ቲማቲሙ የነበረው ነገር ስለ እርስዎ ታማኝነት ይሆናል።

ቀነ ቀጠሮው ሳይደርስ ይክፈሉ። ሐሙስ ያሉትን ረቡዕ ቢያደርሱ ሁለተኛውን ብድር የሚጠይቅልዎ ሰው አያስፈልግዎትም።

5. ሸሪክ ሲመርጡ ከጎደልዎ ይነሱ

የሶማሌ ሽማግሌዎች "አንድ ጣት ፊት አያጥብም" ይላሉ። አምስት አውራ ጣትም ፊት አያጥብም። ሁለት ገዢዎች ተሸርከው ሁለቱም ድሬዳዋ ከቀሩ ሽርክና አይባልም። ይህ መስመር ሦስት ሰው ይፈልጋል፦ ዕቃ የሚመርጥና የሚጭን ድሬዳዋ፤ ወረቀትና መኪና የሚከታተል ደወሌ፤ የሚሸጥና የሚሰበስብ ጅቡቲ። በደረጃ 1 የሞሉትን ወረቀት ያውጡና ባዶዎቹን የሚሞላውን ሰው ይፈልጉ።

ዘመድ ይሁን? ይሁን፣ ግን ዘመድነቱ ሥራውን አይተካ። የታወቀ የዐረብኛ አባባል አለ፦ እንደ ወንድማማች ኑሩ፣ እንደ ባዕዳን ተሳሰቡ።

ከመሸረክዎ በፊት አንድ አነስተኛ ጭነት አብራችሁ ሥሩ። የሰው ጠባይ የሚታወቀው ዕቃው ሲበላሽ ነው። ያኔ "ምን እናድርግ?" የሚለውን ይያዙት፤ "ማን ነው ያጠፋው?" የሚለውን ይተዉት።

6. ኪሳራውን ከትርፉ በፊት ይዋዋሉ

የኢሳ ሶማሌዎች "ሔር ኢሳ" የሚባለውን በቃል የሚተላለፍ ሕግ ለዘመናት ይዘው ኖረዋል፤ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በእንዲህ ያለው የሶማሌ ባህላዊ ሕግ አንድ ሰው ጥፋት ሲያደርስ ካሳውን፣ ማግ የሚሉትን፣ ወገኑ በጋራ ያዋጣል። አብሮ የሚያዋጣ ወገን ደግሞ አባሉ እንዳያጠፋ ነቅቶ ይጠብቃል። የእውነተኛ ቡድን ምስጢር እዚህ አለ። ትርፍ ብቻ የሚካፈል ሰው የሸሪኩን ስህተት ቆሞ ያያል፤ ዕዳው የሚደርሰው ግን ሌሊት ተነስቶ ሸራውን ያስራል።

እንግዲህ ውሉን እንጻፍ። ለምሳሌ ያህል፦ አንዱ ሸሪክ 240,000 ብር፣ ሌላው 60,000 ብር ያዋጣል፤ ሦስተኛው ብር የለውም፣ ጉልበቱን ያዋጣል። ጉዞው 30,000 ብር አተረፈ እንበል። ከመቶ አሥር፣ ማለትም 3,000 ብር ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። ከቀረው 27,000 ግማሹ ለገንዘብ፣ ግማሹ ለሥራ ይሁን። የሥራው 13,500 ለሦስት እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 4,500 ይደርሳል። የገንዘቡ 13,500 እንደ መዋጮው በአራት ለአንድ ሲካፈል 10,800 እና 2,700 ይሆናል። ስለዚህ አንደኛው 15,300፣ ሁለተኛው 7,200፣ ባለጉልበቱ 4,500 ብር ይወስዳል።

30,000 ብር ቢከስርስ? መጀመሪያ መጠባበቂያው ይነካል፤ የቀረው ገንዘብ ባዋጡት ላይ በአራት ለአንድ ይወድቃል። ባለጉልበቱ ድካሙን ያጣል እንጂ ብር አይጠየቅም፤ በቸልተኝነቱ ካልሆነ በቀር። በእስልምና የንግድ ሥርዓት ሙሻረካና ሙዳረባ የሚባሉት ውሎች ኪሳራን የሚያከፋፍሉት በዚሁ መርህ ነው፤ አካባቢው ላይ ለብዙ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። "ቸልተኝነት" ምን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ጻፉት፦ ወረቀት በሰዓቱ አለማስገባት፣ ሸራ ሳያስሩ መንዳት፣ ያለ ስምምነት በዱቤ መሸጥ።

ሌላው የሚረሳው የምንዛሪ ነገር ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ቆሟል። ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ በዶላር 57 ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። በሐምሌ መጀመሪያ ለሸሪኩ 57,000 ብር ያበደረ ሰው ሺህ ዶላር ገደማ ሰጥቶ ነበር፤ ጳጉሜ ላይ ያው ብር ሲመለስለት የሚገዛው ግማሹን ያህል ነበር። ሁለቱም ሐቀኞች ሆነው ሊጣሉ የሚችሉት በዚህ ነው። ስለዚህ የጉዞው ሒሳብ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚዘጋ በውሉ ላይ ይቀመጥ። የውጭ ገንዘብ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ስለሚተዳደር አጻጻፉን ከባንክዎ ጋር ይመካከሩበት።

በመጨረሻ መውጫውን ጻፉ፦ አንዱ ልውጣ ቢል፣ ቢታመም፣ ቢሞት ድርሻው ለማን፣ በስንት ጊዜ ይከፈላል? ከበድ ያለ ሥራ ስትጀምሩ በንግድ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከተፈቀዱት የማኅበር ዓይነቶች የሚስማማችሁን መርጣችሁ ተመዝገቡ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የማኅበሩ ዕዳ በመርህ ደረጃ ቤታችሁን አይነካም።

7. በሳምንት አንድ ጊዜ ሺር ይቀመጡ

ሺር የሶማሌ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ጉባኤ ነው። የእናንተ ሺር በስልክም ሊሆን ይችላል፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን አይለዋወጥ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሦስት ጥያቄ ብቻ ይነሳ፦ በዚህ ሳምንት ምን አጣን? ማን የማን እርዳታ ያስፈልገዋል? የሚቀጥለው ጭነት ይሂድ ወይስ ይቅር?

ከኪሳራው ይጀምሩ፤ ትርፍ ቀድሞ ከተነሳ ኪሳራው ይደበቃል። ከታናሹ ያስጀምሩ፤ ባለ ብዙ ብሩ አስቀድሞ ከተናገረ ሌላው ራሱን ከመነቅነቅ በቀር የሚያደርገው የለም። ድንበር ላይ የቆመው ባለጉልበት "ይቅር" ካለ ምክንያቱ ሳይሰማ መኪና አይነሳ። ሙቀቱንና ሰልፉን የሚያየው እሱ ነው።

ሒሳቡ ለሦስቱም በሚታይ አንድ ደብተር ወይም የባንክ ሒሳብ ይያዝ። መጠባበቂያውን በአንድ ሰው ኪስ አታስቀምጡ። እቁብ ወይም በሶማሌ ሴቶች ዘንድ የታወቀው ሀግባድ ካላችሁ ለየግል ችግራችሁ ይሁን፤ የንግዱ መጠባበቂያ ከዚያ ጋር አይቀላቀል።

8. ረዳትዎን ያስወጡ

ሥራው ሲቆም፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፍ፣ ከእርስዎ ጋር ሳጥን የሚቆጥር ልጅ ይኖራል። በናይጄሪያ የኢግቦ ነጋዴዎች ዘንድ ተለማማጁ የተስማሙበትን ዓመታት ካገለገለ በኋላ ጌታው መነሻ ገንዘብ ወይም ዕቃ ሰጥቶ የራሱን ሱቅ ያስከፍተዋል። በ1970 እ.ኤ.አ. ካበቃው የቢያፍራ ጦርነት በኋላ ንብረቱን ያጣው ሕዝብ በንግድ ያንሰራራበት አንዱ መንገድ ይህ ነበር። ተፎካካሪ ያፈሩ ይመስላል፤ የሚያፈሩት ግን በሌላ ከተማ የሚያምኑት ተቀባይ፣ ዕቃ ሲያጥር የሚያበድር ወዳጅ ነው።

ስለዚህ ልጁን ሲቀበሉ መውጫውንም ይንገሩት፦ "ይህን ያህል ጊዜ ትሠራለህ፣ ይህን ትማራለህ፣ ስትወጣ ይህን እሰጥሃለሁ።" ቃሉን ሁለት ሽማግሌ ይስማ። ተስፋ የሌለው ረዳት ሳጥን ይሰርቃል፤ መውጫውን የሚያውቅ ረዳት ሳጥን ይቆጥራል።

ከዚያ አንድ ሌሊት ስልክዎ ይጠራል። የማያውቁት ቁጥር ነው፤ አንድ ጀማሪ ደወሌ ላይ ቆሟል፣ ማኅተም ይጎድለዋል፣ ቲማቲሙ ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ቁጥርዎን የሰጠው ያስወጡት ልጅ ነው።

ያንሱት።